የመቃብሩ ጸሐፊ ያልጠየቀው

«ምክንያት?» አለ የመቃብሩ ጸሐፊ፣ ከመዝገቡ ላይ ቀና ሳይል።

የጓደኛዬ ታላቅ ወንድም ትንሽ ቆየና «ልቡ ነው» አለ።

ጸሐፊው ጻፈ። ስም፣ ፆታ፣ ዕድሜ 34፣ አድራሻ ብስራተ ገብርኤል፣ የሞት ምክንያት የልብ በሽታ። ከኋላችን ሌላ አስከሬን ይዘው የመጡ ሰዎች ተራ ይጠብቁ ነበር። ገጹ ተገለበጠ፤ እኛም ወደ ጉድጓዱ ሄድን።

ወንድሙ አልዋሸም። ሐኪሙም ያለው ይህንኑ ነው። ጠዋት ከአልጋው ሲነሣ ወደቀ፣ ሆስፒታል ሳይደርስ ዐረፈ። ግን በዚያች አንዲት ቃል ውስጥ ሦስት ዓመት አብሮ ተቀበረ። ስልኩን መዝጋት የጀመረበት፣ ቅዳሜ ኳስ መምጣቱን የተወበት፣ ቀን ተኝቶ ሌሊት የሚነቃበት፣ ሲጋራና ጫት ካልያዘ የማይቀመጥበት ሦስት ዓመት። ሁለት ጊዜ ደረቱን ሲጫነው ሰፈር ወዳለ አንድ ክሊኒክ ሄዶ ነበር። የልብ ምርመራ አንሥተው «ልብህ ደህና ነው፣ አታስብ» ብለው ሸኙት። አታስብ! የእሱ በሽታ እኮ ማሰብ ነበር። እናቱ ለጎረቤት ሲያስረዱ «ልጄ ሐሳብ በዛበት» ነበር የሚሉት።

ድባቴው ልቡን ገደለው ብዬ መማል አልችልም። እንዲህ ብሎ ስለ አንድ ሰው የሚምል ሐኪምም የለም። ነገር ግን ከቀብሩ በኋላ፣ ድንኳኑ ሥር ካርታ ከሚጫወቱት ጋር ተቀምጬ፣ አንድ ነገር ከነከነኝ። ልብና ሐዘን መቼ ነው ተለያይተው ሁለት በሽታ የሆኑት? ወጣት ሰው ላይ ሁለቱ አብረው ሲመጡስ ማን አይቷቸዋል? የሚከተለው ይህንን ስፈልግ ያገኘሁት ታሪክ ነው። (ካልተገለጸ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

*

ከመዝገቡ እንጀምር። የአዲስ አበባ የመቃብር መዝገብ ብዙዎቻችን የማናውቀው የሳይንስ ታሪክ አለው። በ2001 ተመራማሪዎች በከተማዋ ስንት ሰው በኤድስ እንደሚሞት ማወቅ ፈለጉ። የተሟላ የሞት ምዝገባ አልነበረም፤ ብዙው ሰው የሚሞተውም ቤቱ ነው። አንድ የታመነ ነገር ግን ነበረ፤ በዚህ ከተማ የሞተ ሰው ያለ ሥርዓት አይቀበርም። ስለዚህ ወደ መቃብሮቹ ሄዱ። በኦርቶዶክሱም፣ በሙስሊሙም፣ በካቶሊኩም፣ በማዘጋጃ ቤቱም የመቃብር ሥፍራ የሚሠሩ ሰዎች እያንዳንዱን ቀብር እንዲመዘግቡ ተደረገ። ከዚያም የሐዘኑ ቀናት ካለፉ በኋላ ጠያቂዎች ከተመረጡ ቤቶች እየሄዱ «ከመሞቱ በፊት ምን ምን ይል ነበር? ስንት ጊዜ ታመመ? አስሎት ነበር? አብጦ ነበር?» እያሉ ይጠይቃሉ። መልሱን ሐኪሞች አንብበው የሞቱን ምክንያት ይወስናሉ።

እዚህ ላይ አንድ ደስ የሚል፣ የሚያሳዝንም ነገር አለ። ለቀስተኞች በመቃብሩ በር ላይ «ኤድስ» አይሉም ነበር። «የሳንባ በሽታ» ይሉ ነበር፣ «አልማዝ ባለጭራ» ይሉ ነበር። ተመራማሪዎቹ ቀስ በቀስ ይህንን ቋንቋ ማንበብ ተማሩ። ሽፋኑ ራሱ መረጃ ሆነ፤ ቤተሰብ የደበቀውን ሞት መዝገቡ በጎን በኩል ነገራቸው።

ይኸው መዝገብ ነው በኋላ ሌላ ነገር ያሳየው። ከ2006 እስከ 2009 የነበረው የአዋቂዎች ሞት ሲታይ፣ ግማሽ ያህሉ የማይተላለፉ በሽታዎች ያመጡት ሆኖ ተገኘ። ከጠቅላላው ሩብ ያህሉ ደግሞ የልብና የደም ሥር በሽታ ነው። «የሀብታም በሽታ» የሚባለው ነገር ሳናውቀው ሰፈራችን ገብቶ፣ ቤት ተከራይቶ፣ ዕድር ገብቶ ነበር ማለት ነው።

ድባቴ ግን በዚህ መዝገብ ላይ የለም። ሊኖርም አይችልም፤ ሰው «በድባቴ ሞተ» ተብሎ አይመዘገብም። ለኤድስ እንኳን «የሳንባ በሽታ» የሚል የይስሙላ ስም ነበረው። ለድባቴ የይስሙላ ስምም የለውም።

*

በቋንቋችን ጉዳይ መቼስ ልብና ሐሳብ ተለያይተው አያውቁም። በግዕዝ ልብ ማለት ደም የሚረጨውም፣ የሚያስበውም ነው። አማርኛም ወርሶታል። የበሰለ ሰው ልብ ገዛ ይባላል። አስተውል ለማለት ልብ በል እንላለን። የጨነቀው ሰው ልቡ ተሰቀለ፤ የከዳ ሰው ልቡ ሸፈተ፤ ያሰለቸን ሰው ልባችንን አወለቀው። ልቦናም፣ ልቦለድም ከዚያው ቤት የወጡ ናቸው። ሐዘኑ ግን ብዙውን ጊዜ ወረድ ብሎ ሆድ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ሆድ ይብሳል፤ ሆድ ይፍጀው ይባላል።

ይህ የቃላት ጨዋታ ብቻ አይደለም። አንድ ወጣት ሐኪም ፊት ቀርቦ «ልቤን ይጨንቀኛል» ሲል ምን ማለቱ ነው? ደረቱን ነው? ኑሮውን ነው? ሐኪሙ ደረቱን ከሰማ የልብ ምርመራ ያዝዛል፤ ኑሮውን ከሰማ ምናልባት «አይዞህ» ይላል። ሁለቱንም እንዲሰማ ያስተማረው ሰው ከሌለ፣ ታካሚው በአንድ አፍ የተናገረው ነገር ለሁለት ይሰነጠቃል።

ድባቴ የሚለው ቃል ራሱ ከሐኪም ቤት አካባቢ ወጥቶ በሬዲዮ የተለመደ ነው። በሰፈር ደበረኝ ነው የምንለው። ደበረኝ ደግሞ ለሰለቸ ፊልምም፣ ለደመና ቀንም፣ ለሞት ለደረሰ ሐዘንም አንድ ነው። በዓለም ዙሪያ ሐኪሞች ድባቴን ለመለየት የሚጠቀሙበት ባለ ዘጠኝ ጥያቄ መጠይቅ በአማርኛ ተዘጋጅቶ በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ከ900 በሚበልጡ ተመላላሽ ታካሚዎች ላይ ተፈትኗል፤ ውጤቱ በ2013 ታትሟል። ጥያቄዎቹ ቀላል ናቸው። ባለፉት ሁለት ሳምንታት ደስ ይልህ የነበረው ነገር ደስታ መስጠቱን አቁሟል? እንቅልፍህ እንዴት ነው? ምግብስ? ድካምስ? አስተውሉ፤ ካርዲዮሎጂስትም የሚጠይቀው ከእነዚህ ብዙ አይርቅም።

*

መለያየቱን ያመጡት ሕንፃዎች ናቸው።

በ1937 ቤንጃሚን ማልዝበርግ የሚባል የኒው ዮርክ ስታቲስቲክስ ባለሙያ በግዛቱ የአእምሮ ሆስፒታሎች የገቡ፣ ያኔ ሜላንኮሊያ የሚባለው ከባድ ሐዘን የያዛቸው ሰዎች እንዴት እንደሚሞቱ አጠና። ከሌላው ሰው እጅግ በበዛ መጠን ይሞታሉ፤ ከሚገድላቸውም ነገር ዋነኛው የልብ በሽታ ሆነ። በዘመኑ ብዙ ሰው ልብ አላለውም።

1937 ለአዲስ አበባ የየካቲት 12 ዓመት ነው። ከተማዋ በግራዚያኒ ሰዎች እጅ የታረደችበት። አማኑኤል ሆስፒታልም የተመሠረተው በዚያው በወረራው ዘመን፣ በ1930 ዓ.ም. አካባቢ ነው። ከዚያ በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት ለመላ አገሪቱ ያለው የአእምሮ ሆስፒታል እሱ ብቻ ነበር። ስሙም ከሕክምና ይልቅ ስድብ ሆነ፤ «አማኑኤል ገባ» ማለት ምን እንደሆነ የማያውቅ የከተማ ልጅ የለም። ታዲያ ሥራውን ያልተወ፣ ልብሱን ያልጣለ፣ ዝም ብሎ የተከዘ ወጣት ለምን ብሎ እዚያ ይሂድ?

ልብ ደግሞ በሌላ መንገድ ሄደ። የሕክምና ፋኩልቲው በ1964 ተከፈተ፤ በኋላ ጥቁር አንበሳ ተጨመረ። እዚያ ሐኪሞቹን የጠበቃቸው የልብ በሽታ ግን አሜሪካኖቹ የሚጽፉለት የሥራ አስኪያጆች በሽታ አልነበረም። በልጅነት ያልታከመ የጉሮሮ ቁስለት የሚያመጣው የልብ ቧንቧ በር መበላሸት ነበር። ልጁ በስምንት ዓመቱ ጉሮሮውን ይታመማል፣ መገጣጠሚያው ያብጣል፣ ይድናል፤ በሃያዎቹ ትንፋሽ ያጥረዋል። በአገራችን ወጣት የልብ ታማሚ ሲባል ለረዥም ጊዜ ይህ ነው። ዶክተር በላይ አበጋዝ በ1989 የመሠረቱት የኢትዮጵያ ሕፃናት የልብ ሕሙማን መርጃ፣ በ2009 ጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ የልብ ማእከሉን እስኪከፍት ድረስ፣ ቀዶ ሕክምና ማለት ወደ ውጭ መሄድ ነበር።

በመሐል አንድ ሰው ሁለቱን ሊያገናኝ ተቃርቦ ነበር። ሮበርት ጊል የሚባል ሆላንዳዊ የአእምሮ ሐኪም በ1960ዎቹ መጨረሻ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር ነበር። ከባልደረባው ከቫን ሉይክ ጋር በትንንሽ ከተሞችና በገጠር ጤና ጣቢያዎች እየዞሩ አጠኑ። ያገኙትም፣ ሆዴን፣ ራሴን፣ ልቤን ብሎ ከሚመጣው ተራ ታካሚ መካከል ጥቂት የማይባለው በአእምሮ ጭንቀት የሚሠቃይ መሆኑን ነው። በጊዜው በአገሪቱ የነበሩት የአእምሮ ሐኪሞች በአንድ እጅ ጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። የአእምሮ ነርሶች ሥልጠና በአማኑኤል የተጀመረው በ1987 ነው፤ ሐኪሞችን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በአእምሮ ሕክምና ስፔሻላይዝ ማስደረግ ደግሞ በ2003።

*

ሁለቱን መልሶ ያገናኘው የወጣቶች ታሪክ ከሌላ ቦታ ነው የመጣው።

በባልቲሞር በጆንስ ሆፕኪንስ ካሮላይን ቤደል ቶማስ የምትባል ሐኪም አንድ ቀላል፣ ግን ትዕግሥት የሚጠይቅ ሐሳብ ነበራት። ሰው ከታመመ በኋላ ሳይሆን ገና ጤነኛ ወጣት እያለ እንመዝግበው፤ ከዚያ እስኪያረጅ እንከተለው። ለዚህም የራሷን የሕክምና ተማሪዎች ተጠቀመች። ከ1948 እስከ 1964 ከተመረቁት መካከል 1,190 ወንዶች ለአራት አሥርት ዓመታት ያህል ተከታትለዋል። በ1998 ውጤቱ ሲታተም፣ በሕይወታቸው ድባቴ የያዛቸው ሰዎች የልብ ደም ሥር በሽታ የመያዝ ዕድላቸው ከሌሎቹ ሁለት እጥፍ ገደማ ሆነ። አስደንጋጩ ነገር ደግሞ፣ ድባቴው ከታየ ከ10 ዓመት በኋላ እንኳን አደጋው አለመቀነሱ ነው። እነዚህ ምን እንደሚበሉ የሚያውቁ፣ ሐኪም ቤት ውስጥ የሚውሉ ሐኪሞች ናቸው እንግዲህ።

ከዚያ በፊት በ1993 በሞንትሪያል ናንሲ ፍሬዠር-ስሚዝ በልብ ድካም ድንገት ሆስፒታል ገብተው የዳኑ 222 ሰዎችን ተከታትላ ነበር። ከመካከላቸው ድባቴ ያለባቸው በስድስት ወር ውስጥ የመሞት ዕድላቸው ከሌሎቹ ከአራት እጥፍ በላይ ነበር።

ቀጥሎ ጥያቄው ወደ ወጣቶች ዞረ። በ2011 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ዕድሜያቸው ከ17 እስከ 39 የሆኑ 7,641 ሰዎችን ለ15 ዓመት ያህል ተከትሎ፣ ድባቴ ወይም ራስን የማጥፋት ሙከራ ታሪክ ያላቸው በልብ በሽታ የመሞት ዕድላቸው ከፍ ያለ መሆኑን አሳየ፤ በተለይ በሴቶቹ። በ2015 የአሜሪካ የልብ ማኅበር በወጣቶች ላይ የሚታይ ከባድ ድባቴን የደም ሥር ቶሎ የመጠንከርና ያለ ዕድሜ የሚመጣ የልብ በሽታ መንሥኤዎች ዝርዝር ውስጥ አስገባው። በ2023 ደግሞ ከ18 እስከ 49 ዕድሜ ያላቸው ወደ 600,000 የሚጠጉ አሜሪካውያን መረጃ ሲታይ፣ ከአምስቱ አንዱ ድባቴ ተብሎ የተነገረው ሆነ፤ እነሱም በልብ በሽታና በልብ ድካም ከእኩዮቻቸው ይልቅ ተይዘዋል።

*

እንዴት ነው ሐዘን ወደ ደም ሥር የሚወርደው? በአንድ በር ብቻ አይደለም።

አንደኛው በር የሰውነት ማስጠንቀቂያ ነው። አደጋ ሲመጣ ልብ ይመታል፣ ግፊት ይጨምራል፣ ኮርቲሶል የሚባለው ቅመም ይረጫል። ጅቡ ሲሄድ ሁሉም ይረጋጋል። በድባቴ ውስጥ ያለ ሰው ግን ጅቡ አይሄድለትም፤ ደወሉ ቀንና ሌሊት በዝቅታ ይጮኻል። የልብ ምት እንደ ሁኔታው የመፍጠንና የመዘግየት ብቃቱ ይቀንሳል። በደም ውስጥ የመቆጣት ምልክቶች ከፍ ይላሉ፤ ደም የሚያረጉት ሕዋሳት ቶሎ ይጣበቃሉ። ይህ ሁሉ ሳይታመም፣ ሳይታወቅ፣ ዓመት በዓመት ላይ ነው የሚደረበው።

ሁለተኛው በር አኗኗር ነው። የተከዘ ሰው አይንቀሳቀስም፣ እንቅልፉ ይዛባል፣ ያጨሳል። እኛ ጋ ጫቱ ይጨመራል። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ በየመን የተደረጉ ጥናቶችም ጫትን ከልብ ድካም ጋር አያይዘውታል። ጓደኛዬ «ጫቱ ነው የሚያስነሣኝ» ይል ነበር፤ እውነቱን ነው፣ ለሁለት ሰዓት ያስነሣዋል።

ሦስተኛው በር ሕክምናው ነው። በአገራችን ለብዙ ዘመን በቀላሉ የሚገኘው የድባቴ መድኃኒት አሚትሪፕቲሊን ነው። ብዙ ሰው ያዳነ መድኃኒት ነው፤ ግን የልብን የኤሌክትሪክ ምልክት ስለሚነካ ልቡ ለታመመ ሰው በጥንቃቄ ነው የሚሰጠው። ይህን ለማወቅ ግን የአእምሮ ሐኪሙ ስለ ልብ፣ የልብ ሐኪሙ ስለ አእምሮ መጠየቅ አለባቸው። አንዱ መርካቶ አጠገብ፣ አንዱ ቸርችል ጎዳና ጫፍ ላይ ሆነው ማን ይጠይቅ?

በሩ በግልባጩም ይከፈታል። ልቡ የታመመ ወጣት፣ ደረጃ መውጣት ያቃተው፣ ማግባት የፈራ፣ ይተክዛል። ስለዚህ የቱ ቀደመ የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ንጹሕ መልስ የለውም።

*

እዚህ ላይ ማጋነን ይቻል ነበር። «ድባቴን አክም፣ ልብህን አድን» ብሎ መዝጋት። ታሪኩ ግን እንዲህ ቀጥ ያለ አይደለም። በ2003 በአሜሪካ የልብ ድካም በደረሰባቸው 2,481 ሰዎች ላይ የተደረገ ትልቅ ሙከራ በንግግር ሕክምና ድባቴውን በመጠኑ አቃለለ፤ ሞቱን ግን አልቀነሰም። በ2018 ደግሞ በደቡብ ኮሪያ በ300 ታካሚዎች ላይ፣ ኤሲታሎፕራም የተባለውን መድኃኒት ለ24 ሳምንታት የወሰዱት ከስምንት ዓመት ገደማ በኋላ ከባድ የልብ ችግር የገጠማቸው 40.9 በመቶ ሲሆኑ፣ ማስመሰያ ከወሰዱት ግን 53.6 በመቶ ናቸው። አንዱ ተስፋ ያስቆርጣል፣ አንዱ ተስፋ ይሰጣል።

ከሁሉ በላይ ደግሞ የእኛው ቡታጅራ አለ። ከ1980ዎቹ ጀምሮ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እዚያ ቤት ለቤት ሕዝቡን እየተከታተሉ ነው። ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው 919 ሰዎች ለ10 ዓመት ሲታዩ 121 ሞቱ፤ ከሚጠበቀው ዕድሜያቸው ወደ ሦስት አሥርት ዓመት ቀድመው። የገደላቸው ግን የልብ ደም ሥር አይደለም፤ ግማሽ ያህሉን ተላላፊ በሽታ ነው የገደላቸው። በባልቲሞር የአእምሮ ሕመም ልብን ይጠብቃል፤ በቡታጅራ ልብ ሳይደርስ ሳንባ ነቀርሳውና ወባው ይቀድማሉ። መንገዱ ይለያያል እንጂ ነገሩ አንድ ነው። ያልታየ ሐዘን፣ ሰፈሩ ውስጥ ባገኘው በሽታ ይገድላል።

የእኛ ሰፈር ደግሞ ተለውጧል። ከሳር ቤት ወደ ብስራተ ገብርኤል በሚወርደው መንገድ ላይ በየፎቁ ቢሮ፣ በየጥጉ ካፌና የጥብስ ቤት ነው። ወጣቱ ተቀምጦ ይውላል፤ ተቀምጦ ያመሻል። በ2015 በመላ አገሪቱ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 69 በሆኑ ሰዎች ላይ የተደረገው የጤና ቅኝት፣ ከመቶ 16 ያህሉ የደም ግፊታቸው ከፍ ያለ መሆኑን አሳይቷል፤ አብዛኛው ሰው ደግሞ ግፊቱን ተለክቶ አያውቅም። የባልቲሞር መንገድ ቀስ ብሎ ወደኛ እየመጣ ነው። የቡታጅራውም ገና አልሄደም።

*

የአርባው ዕለት እናቱ ቤት ሄድኩ። ሰው ከሄደ በኋላ እቃ ስናነሣ ታናሽ ወንድሙ፣ 26 ዓመቱ ነው፣ ጓዳ በር ላይ ጠራኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አንተ፣ እኔም እኮ ልቤን ይጨንቀኛል» አለኝ።

«አታስብ» ልለው አፌ ተከፍቶ ነበር። ዋጥኩት።

«ደረትህን ነው ወይስ ሐሳብ ነው?» አልኩት።

ትንሽ አሰበ። «እኔ እንጃ። ሁለቱም መሰለኝ።»

«እንቅልፍስ?»

«ከሄደ ወዲህ ሦስት ሰዓት ብተኛ ነው።»

ሰኞ አብረን ጤና ጣቢያ ሄድን። ነርሷ ግፊቱን ለካች፤ በዕድሜው ሊሆን ከሚገባው ከፍ ያለ ነበር። ጽፋ ስትጨርስ እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና ቀና ብላ አየችው። «ታላቅ ወንድምህ ነው አይደል የሞተው?» አለችው። «አንተስ? በውስጥህ እንዴት ነህ?»

እሱ መልስ አልሰጣትም፤ ማልቀስ ጀመረ። እሷም ቀጣዩን ሰው አልጠራችም። በሩን ገፋ አድርጋ ዘጋችና ወንበሯን አስጠጋች። እኔ ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥኩ። ለካ ጥያቄው ይህን ያህል አጭር ነው። ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ያጉረመርሙ ነበር፤ ያጉረምርሙ።